ልኩ ያልሆነ ፍርግርግ

ምንዋጋው ገብረ ጻድቅ የሰቆጣ ቀጥቃጭ ነበር። ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዙ አፋፍ ላይ ነው። ከደሃናም ከጋዝጊብላም ለገበያ የሚመጣ ገበሬ ማረሻውንና ማጭዱን ጠዋት እሱ ደጅ ጥሎ ያልፋል፤ ሲመለስ ተስሎ ያገኘዋል። ሥራው ይወደዳል። ከደጁ አልፎ ወደ ቤቱ የሚገባ ግን አልነበረም። ውሃ የጠማው ሰው እንኳ ሌላ ቤት ሄዶ ይለምናል እንጂ ከቀጥቃጭ ቅል አይጠጣም። ባለእጅ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ያረፈበትን ሰው ይበላል ይባላል። ምንዋጋው ይህን ነገር አባቱ ዘንድ ወናፍ ከሚነፋበት ጊዜ ጀምሮ እየሰማ ስላደገ አይከራከርም። አንገቱን ደፍቶ መሄድ ለምዷል። በተለይ ልጅ ያዘለች ሴት ስትመጣ ካየ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ እንዳትሸማቀቅ ብሎ ነው።

ሚስቱ ወለተ ሰንበትም የቀጥቃጭ ልጅ ናት። ከወለዷቸው ልጆች ያደገችላቸው ማሬ ብቻ ነበረች። ቤት ውስጥ የሚነጋገሩት በአገውኛ ነው፤ ማሬ ግን አማርኛውንም ከአባቷ ደንበኞች አፍ ለቅማ ጥርት አድርጋ ትናገራለች። ሳቂታ ልጅ ነበረች። አንገት መድፋቱን እምቢ አለች፤ ሰውን ቀጥ ብላ ነው የምታየው። ይህ እናቷን ያስፈራት ነበር።

በአርባዎቹ መጨረሻ ላይ ዓሊ ዓብዱልቃድር የሚባል የጨርቃጨርቅ ነጋዴ ከገበያው በላይ ያለ የድንጋይ ቤት ተከራየ። ቤቱ በጣሊያን ጊዜ የመኮንኖች ወጥ ቤት ነበር። ጣሊያን ሲወጣ ሊሸከመው ያልቻለው ትልቅ የብረት ምድጃ እዚያው ቀርቷል። ምድጃው በእንጨት ነው የሚነደው። በአንድ ወገኑ የእሳት ሆድ አለው፤ ከሆዱ ወለል ላይ እንጨቱ የሚያርፍበት የብረት ፍርግርግ፣ ከፍርግርጉ ሥር ደግሞ አመድ የሚወርድበት መሳቢያ አለ። በሌላው ወገን ዳቦ የሚጋገርበት ሣጥን ነው። የዓሊ ሚስት ዓሲያ፣ ደሴ ካሉ ዘመዶቿ ዘንድ ሳለች ዳቦ መጋገር ተምራ ነበርና "ይህን ምድጃ እንዲህ ቆሞ ዝም ብለን አናየውም" አለች። ዳቦ ቤት ከፈቱ። አስተማሪው፣ ፖሊሱ፣ ጸሐፊው፣ ጨው ጭኖ የሚያልፈው ሲራራ ነጋዴ ሁሉ ደንበኛ ሆነ።

ማሬ መጀመሪያ እዚያ ቤት የሄደችው እንጨት ለማድረስ ነው። ዓሲያ ሙሚናን የወለደች ሰሞን እጅ አጥሯት አንድ ጠዋት ሊጡ ከገበታው እየፈሰሰ፣ ሕፃኗ እያለቀሰች ማሬ ደረሰችባት።

"እጅሽን ታጠቢና ሊጡን እሺልኝ" አለቻት ዓሲያ።

ማሬ እንጨቷን እንደታቀፈች ቆመች። "እትዬ ዓሲያ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ። የምንዋጋው ልጅ ነሽ። ታጠቢ።"

ሊጡን አሽታ ስትጨርስ ዓሲያ ሙሚናን አንስታ ጀርባዋ ላይ አደረገችላትና አንቀልባውን አጥብቃ አሰረችላት። ማሬ ማታ ቤቷ ገብታ "ልጇን አሳዘለችኝ" ብላ ለእናቷ ነገረቻት። ወለተ ሰንበት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ማሬ የዳቦ ቤቱ ሰው ሆነች። ማን እንዳቦካው የጠየቀም አልነበረም። ዳቦው ጥሩ ነበር።

ነገር የተበላሸው የምድጃው አሮጌ ፍርግርግ ተሰንጥቆ መሐሉ በወደቀ ጊዜ ነው። ዓሊ ለንግድ ደሴ ወርዶ ሳለ ከብረታ ብረት ነጋዴ ሌላ ፍርግርግ አግኝቶ በበቅሎ አስጭኖ አመጣ። የሌላ ምድጃ ፍርግርግ ነው። ለሆዱ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ዓሊና አንድ ተሸካሚ በመዶሻ እየመቱ አስገቡትና ገጠመ ብለው ደስ አላቸው። በሳምንቱ ዳቦው ከሥሩ ማረር፣ ከላዩ ጥሬ መሆን ጀመረ። የምድጃው በር ሲከፈት ጭስ ፊት ይመታል። እሳቱ ይታፈናል፣ ከዚያ በድንገት ቦግ ይላል። ደንበኛ ዳቦውን እየገመሰ ማሽተት አመጣ። አንዲት ሴት ከደጁ ቆማ ወደ ውስጥ አየችና "ያቺ የቀጥቃጩ ልጅ አይደለችም እንዴ?" አለች።

ወሬው ከዚያ ጀመረ።

ምንዋጋው ሲነግሩት ጉጠቱንና መዶሻውን ይዞ መጣ። መጀመሪያ እንጨቱን ጠረጠረ፤ ወይራው እርጥብ እንደሆነ ሰነጣጥቆ አየ፣ ደረቅ ነው። የጭስ መውጫውን ቱቦ ፈትቶ ጥቀርሻውን አራገፈ፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ምድጃውን አቀዝቅዞ ግማሽ አካሉን ወደ ሆዱ አስገባና ፍርግርጉን በእጁ ዳሰሰ። መሐሉ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። የጎደጎደው ብረት መሳቢያው ውስጥ ከተከመረው አመድ ጋር ተነካክቶ ከሥር አየር የሚገባበትን ዘግቶታል።

"ይሄው ነው" አለ። "ከሥር ካልተነፈሰ አይነድም።"

አውጥቶ ቤቱ ወስዶ አግሎ አቃናው። መለሰው። ለጥቂት ቀን ዳቦው እንደ ድሮው ሆነ። ማሬ እየሮጠች መጥታ አባቷን አቀፈችው። ከዚያ ፍርግርጉ እንደገና ጎደጎደ፣ ዳቦውም አረረ። ይህን ጊዜ ወሬው ባሰ። አባትየው ራሱ አድርጎበት ነው የሄደው ተባለ።

ምንዋጋው ሁለተኛ ሲያወጣው ነገሩን አገኘው። የፍርግርጉ ሁለት ጫፎች ላይ ብረቱ ተፍቆ ያብረቀርቃል፤ የምድጃው ግድግዳም በዚያው ልክ ተፍቋል። ብረት ሲግል ያድጋል። ይህ ፍርግርግ ደግሞ ከመጀመሪያውም ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቆ ስለገባ የሚያድግበት ቦታ የለውም፤ ሲጨንቀው ወደ ታች ይጎብጣል። ቢቃናም መልሶ ይጎብጣል። በዚያ ላይ ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ፍሙ ሳይከስም ወደ መሳቢያው ይወድቅና ብረቱን ከሥሩም ያግለዋል።

"ማቃናት አይበቃም" አለው ለዓሊ። "ልኩ አይደለም። ዘንጎቹ ተለያይተው፣ ጫፋቸው ላይ ለብረቱ ማደጊያ የሚሆን ቦታ ተትቶላቸው፣ ሳይታሰሩ የሚቀመጡ መሆን አለባቸው። ወፍራም ብረት ያስፈልገኛል።"

"ከየት ይገኛል?"

"ወደ ኒሯቅ በሚወስደው መንገድ ተሰብሮ የቀረ የጣሊያን ከባድ መኪና አለ። ባሌስትራው፣ ያ ከጎማው በላይ የተደራረበው ወፍራም ብረት ይሆነኛል።"

ዓሊ አህያ ሰጠው። ማሬ እስከ ከተማው ጫፍ ሸኘችው።

"ስመለስ ያልቃል" አላት። "ሰውም ያርፋል። እስከዚያ ታገሺ።"

"እታገሳለሁ" አለችው።

ምንዋጋው መንገድ ላይ ሳለ ደብሬ የምትባል የገበያ ቸርቻሪ ሕፃን ልጇ ታመመባት። ትኩሳቱ አልበርድ አለ። ልጁ በታመመበት ጠዋት ከዓሊ ቤት ዳቦ በልቶ ነበር። ደብሬ ክፉ ሴት አልነበረችም። አልተሳደበችም፣ ድንጋይ አልወረወረችም። ልጇን ታቅፋ ዳቦ ቤቱ ደጅ መጣችና ማሬ እግር ሥር ተንበረከከች።

"እህቴ፣ ሌላ የለኝም" አለቻት። "ልቀቂልኝ። እንትፍ በይበት።"

ሰው ተሰበሰበ። ቡዳ የበላውን ሰው ራሱ ቡዳው እንትፍ ካለበት ይለቀዋል ይባላል። ዓሲያ ከውስጥ ወጥታ "ማሬ፣ እንዳታደርጊው፤ ግቢ" ብላ ክንዷን ያዘቻት። ማሬ ሕፃኑን አየችው። ከንፈሩ ደርቋል። እናቱን አየቻት።

"እኔ አልነካሁትም" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ዳቦ ነው ያቦካሁት።"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፤ ብቻ እንትፍ በይበት" ትላለች ደብሬ፤ እግሯን አቅፋ አልለቅም አለች።

ማሬ አዘነችላት። ከዓሲያ እጅ ክንዷን አስለቀቀችና ጎንበስ ብላ ሕፃኑ ግንባር ላይ በስሱ እንትፍ አለችበት። ደብሬ መሬቱን ስማ ሄደች።

ልጁ በማግስቱ ሞተ።

ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ማረጋገጫ አልፈለገም። ራሷ እንትፍ ብላበታለችና ራሷ አምናለች ማለት ሆነ። የዓሊ ዳቦ ደጁ ላይ ለውሻ ተጣለ። ዓሲያ ማሬን ጓዳ አስገብታ ደበቀቻት፤ ማሬ ግን ሌላው ቀርቶ ሙሚናን እንኳ ለማዘል እምቢ አለች። ወደ ኮረም የሚሄዱ ጨው ነጋዴዎች ሲያልፉ ከሴቶቻቸው ጋር ተቀላቅላ ወጣች። ለዓሲያ የተወችው ቃል አጭር ነበር። "ቤትዎ በእኔ ምክንያት እንዲዘጋ አልፈልግም። እናቴን አንዳንዴ ይዩልኝ።"

ምንዋጋው ባሌስትራውን ጭኖ ሲመለስ ወለተ ሰንበትን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ነገረችው። አህያውን አራገፈና ወደ ወናፉ ሄደ።

ዘንጎቹን አንድ በአንድ ቀጠቀጣቸው። ጫፋቸውን አሳጠረ፣ መሐላቸውን በእኩል አራራቀ፣ ዳርና ዳር የሚያርፉበት ክፈፍ ሠራላቸው። ምድጃው ውስጥ ሲያስገባቸው አልመታቸውም፤ በጣቱ ሲነካቸው ይነቃነቃሉ። "አመዱን መሳቢያው ሳይሞላ ድፉት" ብሎ ብቻ ለዓሲያ ነገራት። እሳቱ በአንድ ጊዜ ተያያዘ። ጭሱ በቱቦው ወጣ። ዳቦው ከላይም ከታችም እኩል ቀላ። ዓሲያ የመጀመሪያውን ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው፤ ተቀብሎ እጁ ላይ ይዞት ቆየ፣ አልበላውም።

ሰዎቹ ቀስ በቀስ ተመለሱ። ዳቦው የተስተካከለው ልጅቷ ስለሄደች ነው አሉ።

ምንዋጋው ይህን ሲሰማ ለአንድ ሰው ሊያስረዳ ሞከረ፤ ማረሻ ሊያስል ለመጣ ተስፋው ለሚባል ገበሬ። ሁለት ብረት አግሎ አንዱን አጣብቆ፣ አንዱን ልል አድርጎ አሳየው። ተስፋው በትዕግሥት አየና "እሱስ እውነት ነው፤ ግን ሕፃኑስ?" አለው። ምንዋጋው ሁለተኛ ለማንም አላስረዳም።

ጊዜ አለፈ። ማሬ ወሬዋ ጠፋ። ሦስተኛው ዓመት ላይ አንድ ነጋዴ ከኮረም በላይ ባለች መንደር የሰቆጣ ልጅ የምትመስል ሴት አየሁ ሲል ምንዋጋው ሰማ። ለማንም ሳይናገር የክት ልብሱን ለብሶ፣ እጁን ከጋቢው ሥር ደብቆ ተነሣ። እጁ በፍንጣሪ የጠቆረ፣ የተቃጠለ ነው፤ ያየው ሰው ሥራውን ያውቃል።

ደጁን አጠያይቆ ሲደርስ አንዲት አሮጊት ገብስ እያሰጡ አገኘ። ከሰቆጣ የመጣ መንገደኛ መሆኑን ነገራቸው።

"ከሰቆጣ?" አሉ ደስ ብሏቸው። "ምራቴ የዚያ አገር ልጅ ናት። ነይ አንቺ፣ ያገርሽ ሰው መጥቷል።"

ማሬ ልጅ ታቅፋ ከጓዳ ወጣች። አየችው። ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና "እንደምን ሰነበቱ?" አለችው።

በሕይወቷ አባቷን "እርስዎ" ብላው አታውቅም።

"ታውቂያቸዋለሽ?" አሉ አማቷ።

"ሰቆጣ ሳለሁ ጎረቤታችን ነበሩ። አባቴን ያውቁታል።"

"ነፍሱን ይማረው" አሉ አሮጊቷ ወደ ምንዋጋው ዞረው። "ጥሩ ገበሬ ነበር አሉ።"

"ጥሩ ሰው ነበር" አለ ምንዋጋው።

ገብተው ተቀመጡ። ቤቱ ጨለም ያለ ነበር፤ አማቷ የእጁን መጥቆር ሳያስተውሉ አስታጥበው እንጀራ አቀረቡለት፣ በራሳቸው ዋንጫ ጠላ ቀዱለት። ዕድሜውን ሙሉ ከገበሬ ቤት መሶብ ቀርቦ አያውቅም ነበር። ከመሶቡ ቆርሶ በላ። ከዚያ አሮጊቷ ሕፃኑን ከእናቱ ተቀብለው ጭኑ ላይ አስቀመጡለት። ምንዋጋው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

"ምነው፣ ልጅ አይወዱም?" አሉት።

"እወዳለሁ" አለ። ዞሮ የልጅ ልጁን አየው። ግንባሩ የወለተ ሰንበትን ይመስላል።

ሲነሣ ማሬ "መንገዱን ላሳይዎት" ብላ ተከተለችው። ከአጥሩ አልፈው ሰው ከማያይበት ሲደርሱ ቆመች።

"አባዬ፣ አባቴ ሞቷል አልኳቸው።"

"ደግ አደረግሽ።"

"ባሌ ጥሩ ሰው ነው። አማቴም እንደ እናቴ ናት። ካወቁ ግን ልጁን ይነጥቁኛል።"

"ማንም አያውቅም።" ቀጠለና "ፍርግርጉ ነበር" አላት። "ልኩ አልነበረም። ሠርቼዋለሁ። ዳቦው አሁን አያርርም።"

ማሬ ማልቀስ ጀመረች። "እኔ እኮ አንዳንዴ እውነት እኔ ብሆንስ እላለሁ። ልጄ ትኩሳት ሲይዘው አላየውም። ለአማቴ እሰጣትና ፊቴን አዞራለሁ።"

ያቺ ሰውን ቀጥ ብላ የምታየው ልጅ ናት እንዲህ ያለችው። ምንዋጋው የጠቆረ እጁን ከጋቢው አውጥቶ ራሷን ዳሰሳትና ሄደ።

ለወለተ ሰንበት ሁሉንም ነገራት። "ልሂድና በዓይኔ ልያት" አለች፤ መልሳ ደግሞ እሷ ራሷ "አይ፣ ይቅር" አለች። የሕፃኑን መልክ ብቻ ደጋግማ ጠየቀችው።

ምስጢሩ በሁለቱ መሐል በቀረ ነበር። ዓሊ ግን ደግ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ደጁ ድረስ መጣ። "ለንግድ ወደ ኮረም ልሄድ ነው" አለው። "ማሬን አፈላልጌ አመጣታለሁ። ገበያው ላይ ያባቷን ስምና ሥራ እየጠራሁ ባስነግር አትጠፋም። ዓሲያ ሁልጊዜ ታነሣታለች።"

ምንዋጋው መዶሻውን አስቀመጠ። ዓሊን እምነት ነሥቶት አይደለም፤ ግን በነጋዴ መሐል የተነገረ ነገር የትም እንደሚደርስ ያውቃል። ገበያ ላይ የቀጥቃጩ ልጅ ተብላ አንድ ጊዜ ከተጠራች ያልቃል።

"አትፈልጋት" አለው። "ማሬ ሞታለች። ሰው ነግሮኛል።"

ዓሊ እያዘነ ወደ ከተማው ተመለሰ። መርዶው ከተማ ሲገባ ዓሲያ ሙሚናን ይዛ እያለቀሰች መጣች። ለቅሶ መቀመጥ ግድ ሆነ። ለቀጥቃጭ ልጅ ለቅሶ የሚመጣ ብዙ ሰው የለም፤ ደብሬ ግን መጣች። ከደጃፉ ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን ተከናንባ ስታለቅስ ዋለች። ለማን እንደምታለቅስ ማንም አልጠየቃት። ወለተ ሰንበት ፀጉሯን ተላጨች። ደረቷን ስትመታ፣ የልጇን ስም በአገውኛ እየጠራች ስታለቅስ ያየ ሁሉ አብሯት አለቀሰ። ምንዋጋው ግድግዳውን ተደግፎ ዓሲያን ማየት አቅቶት ነበር። ልጄ ደኅና ናት፣ ወልዳለች ቢላት ያን ቀን እንዴት ደስ ባላት ነበር።

የስልሳ ስድስቱ ድርቅ ሲመጣ የሚያርስ ጠፋ፣ ማረሻ የሚያስልም አልነበረም። ምንዋጋው በዚያ ክፉ ቀን ታሞ ሞተ። ዓሊና ጥቂት ጎረቤት ቀበሩት። ዓሲያ ወለተ ሰንበትን ቤቷ ወሰደቻት፤ ዱቄት እየቸገረም ዳቦ ከጋገረች ታካፍላታለች።

አንድ ቀን አብረው ተቀምጠው ሳለ ወለተ ሰንበት "ዓሲያ፣ አንድ ነገር ደብቄሻለሁ" አለቻት፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት።

ዓሲያ "ልጇ ወንድ ነው ሴት?" ብላ ጠየቀች።

"ወንድ። አሁን ለከብት ጥበቃ ደርሶ ይሆናል።"

"የአባቷን መሞት ሰምታ ይሆን?"

ወለተ ሰንበት ራሷን ነቀነቀች። መርዶ ነጋሪ ወደ ኮረም አልተላከም። የማሬ አባት እዚያ ከሞተ ብዙ ዓመቱ ነው።